ፊርማው የሚያርፍበት ነጥብ

ነጥቧ ዛሬም ነበረች።

ጋሽ ላጲስ የፕሬዚዳንቱን ቢሮ መጋረጃ ገልጦ ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ ያየው እሷን ነው። ከጠረጴዛው ግራ ጥግ አንድ ስንዝር ገባ ብላ፣ የቁንጫ ዓይን የምታክል፣ በሹል እርሳስ የተነካች ጥቁር ነጥብ። ከደረት ኪሱ ላጲሱን አውጥቶ ሁለቴ አሸት አሸት አደረጋትና ፍርፋሪውን በእጁ ሳይነካ እፍ አለው። ጠፋች። ነገ ጠዋት ግን እንደምትመለስ ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትመለስ ኖራለች።

የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ደፋር ሴት ናት፤ ሚኒስትር ሲያልፍ እንኳ መጥረጊያዋን ከመንገድ አታነሳም። ለዚች ነጥብ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ እኔ ትናንት በሳሙና አጥቤ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ፣ በሩን በራሴ እጅ ቆልፌ ነው የወጣሁት» አለችው። «ከዚህ ክፍል እንዲቀይሩኝ ላመለክት ነው። ደግሞ ይሸታል። የጋለ ብረት ይሸታል።»

እንጨቱ አርጅቶ ነው አላት።  እሷም አላመነችውም። ወለሉን እንደነገሩ ጠርጋ፣ ጠረጴዛውን ዞር ብላ ሳታየው ወጣች።

ለማያውቀው ሰው የጋሽ ላጲስ ሥራ ሥራ አይመስልም። በዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። መዝገብ ላይ «የፊርማ ሰነዶች አዘጋጅ» ይባላል እንጂ ሥራው ነጥብ ማድረግ ነው። ፕሬዚዳንት የተባለ ሰው ብዙ ይፈርማል። ሹመት ይፈርማል፣ ሽረት ይፈርማል፣ አይቶት ለማያውቀው ንጉሥ የልደት መልካም ምኞት ይፈርማል። ሁሉን አንብቦ ልፈርም ያለ እንደሆነ ምሳውንም እራቱንም ይረሳል። ስለዚህ ውሳኔው ከዋዜማው በቃል ይነገርና ጋሽ ላጲስ በማስታወሻው ይይዘዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ፊርማው በሚያርፍበት ቦታ በጠንካራ እርሳስ አንዲት ነጥብ ያደርጋል። በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፕሬዚዳንቱ ቁጭ ብለው ነጥብ ነጥቧን እያዩ ይፈርማሉ። ቀለሙ ሲደርቅ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ወረቀቱ ከዚህ ግቢ ሲወጣ አንድ ታላቅ ሰው አውጥቶ አውርዶ፣ አስቦ ተጨንቆ የፈረመበት ይመስላል።

ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ሚስቱ ሳትቀር ላጲስ ነው የምትለው፤ በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ስለሆነ ያን ስም ሲሰማ ይደነግጣል።

ሥራውን ያስተማሩት አዛውንት አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውት ነበር። የሰው ስም አታንብብ፣ ስም ካነበብክ እጅህ ይንቀጠቀጣል ብለውታል። ስለዚህ የወረቀቱን የላይኛውን ክፍል በካርቶን ሸፍኖ ግርጌውን ብቻ እያየ ነው ነጥብ የሚያደርገው። ካርቶኗ ዘመን ስለጠገበች ጥግ ጥጓ ተበልቷል።

አዲሱ ፕሬዚዳንት ሲገቡ ነጥብ የሚባል ነገር አልፈልግም ብለው ነበር። ወጣት ናቸው፤ በግቢው ውስጥ ይሮጣሉ፣ በኮሪደሩ ስኒከር አድርገው ያልፋሉ። ሁሉን አነባለሁ አሉ። የመጀመሪያውን ወር አነበቡ። በሁለተኛው ወር መነጽር አዘዙ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ጋሼ፣ ያቺ የድሮዋ ነጥብ ብትመለስ ምን ይመስልዎታል አሉ። ጋሽ ላጲስ ምን ሊመስለው ይችላል? እርሳሱን ቀረጸ።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ሲታይ ያስቃል። የማያስቀው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ያኔ በወንበሩ ላይ የነበሩት ሟቹ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «ሽማግሌው» ይላቸው ነበር። ሞት የተፈረደባቸው የሰባት ሰዎች ወረቀት ለመጨረሻ ውሳኔ መጣ። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ሁለት መስመር አለ። ከአንደኛው ጎን «ፍርዱ ይጽና» ይላል፤ ከሌላው ጎን «በምሕረት ይለወጥ» ይላል። ሽማግሌው ከላይ ጀምረው የሰባቱንም ታሪክ ባጭር ባጭሩ በጸሐፊያቸው አስነበቡ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሱ። ሁለተኛው በያጅ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ከአለቃው ጋር ተጣልተው ገፈተረው፤ አለቃው ብረት ላይ ወድቆ በዚያው ቀረ። ይሄ ልጅ ገፈተረ እንጂ ሊገድል አላሰበም፣ ይማር፣ የቀሩት ይጽና አሉ ሽማግሌው። ጋሽ ላጲስ በማስታወሻው «2ኛው ምሕረት» ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ የአሠራሩን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ላጲስ ተነቦ ያለቀውን ወረቀት በፊቱ ይደፋዋል፤ በላዩ ላይ ሌላውን ይደፋል። በመጨረሻ የተደፋውን ክምር እንዳለ አንስቶ ይገለብጠዋል። ያኔ አንደኛው ተመልሶ ወደ ላይ ይመጣል፤ ሁሉም በተራው ይሆናል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ አንድ ቀን ስቶ አያውቅም። በዚያን ቀን ግን ወደ ክፍሉ ገብቶ ክምሩን ሊገለብጥ እጁን ሲዘረጋ ስልኩ ጮኸ። ከሆስፒታል ነበር። ሴት ልጅ ተወልዳለታለች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጣች ልጅ ናት። እግሩ መሬት አልነካ አለው፤ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ሳቀም አለቀሰም። ከዚያ ሥራዬን ልጨርስና ልብረር ብሎ ተቀመጠ። ክምሩን እንዳለ መገልበጡን ረስቶ ከላይ ያገኘውን ወረቀት እያነሳ፣ እያቃና፣ በካርቶን እየሸፈነ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረ። ሁለተኛው ላይ የምሕረቷን ነጥብ አደረገ። ያ ሁለተኛ ያለው ግን ስድስተኛው ሰው ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌው ነጥብ ነጥቧን ተከትለው ፈረሙ። አምስት ሰዓት ላይ ጋሽ ላጲስ ነጥቦቹን ሲያጠፋ ካርቶኗ ከአንዱ ወረቀት ላይ ተንሸራተተችና «በያጅ» የምትል ቃል ዓይኑ ውስጥ ገባች። ቁልቁል አየ። ፊርማው ያረፈው «ፍርዱ ይጽና» ላይ ነው። ወዲያው ገባው፤ ማስታወሻውን ማየት እንኳ አላስፈለገውም።

የእስር ቤቱ መልእክተኛ የሚመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ነበረው። ሽማግሌው በቀጣዩ ክፍል ጋዜጣ እያነበቡ ሳላቸው ይሰማዋል። አሥር እርምጃ ሄዶ በር ማንኳኳት ብቻ ነው። ግን ገብቶ ምን ይበል? የማሩትን ሰው ሳያነቡ ፈርመው ሊያሰቅሉት ነው ይበል? ሳያነቡ እንደሚፈርሙ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ በአፍ ተነግሮ ግን አያውቅም። እንጀራው ታሰበው። ገና ስም ያልወጣላት ልጁ ታሰበችው።  ሁለት ጊዜ ተነሳ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር የመጨረሻዋን ነጥብ አጠፋት። ፈርቶ ነው፤ ለዚህ ሌላ ስም የለውም፤ እሱም ሌላ ስም ሰጥቶት አያውቅም።

በያጁ በሳምንቱ ተሰቀለ። ነጥቧ በጠረጴዛው ላይ መታየት የጀመረችው በዚያው ጠዋት ነው።

ስድስተኛው ሰው እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። ዓመት በመጣ ቁጥር ከእስር ቤት የምስጋና ደብዳቤ ይልካል፤ መዝገቤን በጥሞና አንብበው ስለማሩኝ ይላል። ደብዳቤውን ተቀብሎ በሣጥን የሚቆልፈው ጋሽ ላጲስ ነው። ልጁም አድጋለች። በልደቷ ቀን ሻማዋን እፍ ስትል እሱ ፍርፋሪ እፍ ሲል ይታየዋል፤ ፊቱን ዞር ያደርጋል። አባዬ ልደቴን አይወድም ትላለች ልጅቷ ለእናቷ። እናቷም ሥራ በዝቶበት ነው ትላታለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ላጲስ በግቢው በር አጠገብ ካለችው የአቤቱታ መስኮት ይቀመጣል። የበያጁ እናት የሚመጡት ያን ቀን ነው፤ ዘበኞቹ «የማክሰኞዋ እናት» ይሏቸዋል። የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። የተሰቀለ ሰው የሚቀበረው በእስር ቤቱ ግቢ፣ በቁጥር ስለሆነ የልጃቸውን አፅም አውጥተው ከአባቱ ጎን ሊያሳርፉት ይፈልጋሉ። ማንበብ አይችሉም። አቤቱታቸውን ጋሽ ላጲስ ይጽፍላቸዋል፤ አውራ ጣታቸውን በሚያሳርፉበት ቦታ ነጥብ ያደርግላቸዋል። እሳቸው ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ነጥቧ ላይ ጫን ካደረጉ በኋላ እጁን በመስኮቱ ቀዳዳ ሳብ አድርገው ይመርቁታል። ይሄን እጅ ይባርከው፣ ይሄን እጅ ክፉ አይንካው ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲመረቅ ኖረ። ከዚያ ምርቃት እርግማን በቀለለው ነበር።

አቤቱታው በየቢሮው እየተመለሰ ይህን ሁሉ ዓመት ቆየ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሌላ ወሬ መጣ። እስር ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ ከሚቀጥለው ሳምንት በኋላ ባለው ሰኞ ግሬደር ገብቶ ግቢውን ይደለድላል። ከዚያ በኋላ ቁጥርም አፅምም የለም። የማክሰኞዋ እናት ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። መስኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ አንተ ውስጥ አዋቂ ነህ። ላይ ያሉት ሰውዬ ይዩልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ሰው ያንብብልኝ» አሉት። ጋሽ ላጲስ በዚያው ቀን ወረቀታቸውን ተራ ሳይጠብቅ ከፕሬዚዳንቱ ክምር ውስጥ ጨመረው።

ሰኞ ዕለት አዲሱ ፕሬዚዳንት በኮሪደሩ እየተራመዱ የማግስቱን ውሳኔዎች ነገሩት። የአፅሙ ጉዳይ ሲነሳ ሰዓታቸውን አዩ። አማካሪዎቹ ለአንዷ ከተፈቀደ ሁሉም ይመጣል ብለዋል፤ ስለዚህ አይፈቀድ አሉና አለፉ።

ጋሽ ላጲስ ከሰዓት በኋላውን ወረቀቱን ፊቱ አድርጎ ተቀመጠ። እዚህም ግርጌው ላይ ሁለት መስመር አለ፤ «ይፈቀድ» እና «አይፈቀድ»። ነጥቧን «ይፈቀድ» ላይ ቢያደርጋት ፕሬዚዳንቱ ይፈርሙባታል፤ ቀና ብለው አያዩም። እሱ ያጠፋታል፤ ማንም አያውቅም። ያኔ በስህተት የሠራው እጅ አሁን አውቆ ቢሠራ ምን አለበት? እርሳሱን ወደ ወረቀቱ አወረደ። ያን ጊዜ ሽታው መጣ። የጋለ ብረት ሽታ፣ ከጀርባው፣ አንድ ሰው ትከሻው ላይ አጎንብሶ የሚያነብ ይመስል። አንገቱ ሥር ሙቀት ተሰማው። ዞር ብሎ ለማየት ወኔ አልነበረውም።

ፈራ፤ ፍርሃቱ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ለእናትየው ይዞላቸው የሚሄደው ፈቃድ ማንም ያልፈቀደው፣ እሱ የሰረቀው ሊሆን ነው። ላይ ያሉት ሰውዬ ይዩልኝ ነበር ያሉት። እርሳሱን አስቀመጠ። ካርቶኗን ከወረቀቱ ላይ አነሳና በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥብ የሌለው ወረቀት ክምሩ ውስጥ ከተተ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፕሬዚዳንቱ መፈረም ጀመሩ። እስክሪብቷቸው ከነጥብ ወደ ነጥብ እየዘለለ ሄደ፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። አሥራ አራተኛው ላይ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ግርጌውን ፈለጉ፣ ጠርዙን ፈለጉ፣ ወረቀቱን አዙረው ጀርባውን ሁሉ አዩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ነጥብ የለም።»

«አላደረግሁም፣ ክቡር ፕሬዚዳንት።»

«ረሱት?»

«አልረሳሁም። ይሄኛውን ቢያነቡት ብዬ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው።  ስለ ስልኩ ነገራቸው፣ ሳይገለበጥ ስለቀረው ክምር ነገራቸው፣ ስለዚያች አንድ ሰዓት ነገራቸው። ፕሬዚዳንቱ አላቋረጡትም። ሲጨርስ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ወደ ጠረጴዛው ግራ ጥግ ተመለከቱ። ጠዋት ያጠፋት ነጥብ እዚያው ተመልሳ ተቀምጣለች።

«ይቺን እኔ እርስዎ የሚያደርጓት መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንዳንድ ቀን እርስዎ ከወጡ በኋላ ትመጣለች። አንድ ቀን እጄ ለምዶ ፈርሜባታለሁ። እንጨቱ ላይ ፈረምኩ፣ ጋሼ። በመሐረቤ ጠረግሁትና ለማንም አልተናገርኩም።»

 ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቅርበው ማንበብ ጀመሩ። ከንፈራቸው እንደ ተማሪ ይንቀሳቀስ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሲጨርሱ ማንንም ሳይጠይቁ «ይፈቀድ» ከሚለው ጎን ፈረሙ። ወረቀቱን ሲሰጡት ግን ቶሎ አልለቀቁለትም።

«ለእናትየው ያንን ነገር አይነግሩም» አሉ። «አንዲት ነጥብ ከተሳተች፣ ስንት እንደተሳተ ሰው መጠየቅ ይጀምራል። አፅሙን ይውሰዱ፤ ይበቃል።»

እሺ አለ። በዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ የማክሰኞዋ እናት ከሰልፉ ፊት ነበሩ። ወረቀቱን በመስኮቱ ቀዳዳ አሳልፎ፣ ፈቅደዋል እማማ፣ እስከ እሑድ መውሰድ ይችላሉ አላቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ግንባራቸው ላይ አስነኩት።  ከዚያ እንደ ወትሮው እጁን ፈልገው ያዙ። ጣቶቻቸው ሻካራና ሙቅ ነበሩ። ይሄን እጅ ብለው ጀመሩ።

ዝም ቢል ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ የሚያውቀው ሙያ ነው። ግን አልቻለም።

«እማማ፣ ይሄን እጅ አይመርቁት» አላቸው።

ጎንበስ ብሎ በዝግታ ነገራቸው። ለፕሬዚዳንቱ ከነገራቸው ምንም አላስቀረም፤ ሽማግሌው ይማር ማለታቸውን ሁለት ጊዜ ተናገረ። የማክሰኞዋ እናት ፊታቸው አልተለወጠም። እጁንም ገና አልለቀቁትም።

«ምረውት ነበር?»

«ምረውት ነበር። ያስገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ስንት ሰዓት ነበረህ?»

«አንድ ሰዓት።»

«አንድ ሰዓት» አሉ።  ጋሽ ላጲስ ጩኸት ጠበቀ፣ ምራቅ ጠበቀ፤ ከሁለቱ አንዱ ቢመጣ ደስ ይለው ነበር። እሳቸው ግን እጁን ቀስ ብለው፣ የሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጡ አድርገው፣ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት። ከኋላቸው ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀምሯል።

የቀረው የፈቃዱ መረከቢያ ወረቀት ላይ ጣታቸውን ማሳረፍ ነበር። ጋሽ ላጲስ የሚያደርገው ቢጠፋው ወደ ለመደው ተመለሰ፤ እርሳሱን አንስቶ ቦታውን ሊያመለክት ወደ ወረቀቱ አወረደ። እናትየው መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ ዘረጉ።

«ነጥብ አታድርግልኝ» አሉ። «አንብብልኝ።»

ከላይ ጀመረ። ቁጥሩን አነበበ፣ ቀኑን አነበበ፣ የቢሮውን ስም አነበበ። ሦስተኛው መስመር ላይ የልጃቸው ስም ነበር። ካርቶኗ እዚህ የለችም። በሥራ ዘመኑ የአንድ ሰው ስም ጮክ ብሎ አንብቦ አያውቅም፤ ድምፁ ሁለት ቦታ ተሰበረበት፤ ግን ስሙን ከነአባቱ ጠራው። የማክሰኞዋ እናት ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስከ መጨረሻዋ መስመር አነበበላቸውና ቀና አለ። ሰልፉ ረዝሟል፤ ዘበኛው ምን ተፈጠረ ብሎ ወደ መስኮቱ እየመጣ ነው።

«ድገመው» አሉት፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

እንደገና ከላይ ጀመረ።